ለአባየ እግር ጫማ ፍለጋ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይኸን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ይህች ሴትዮ ምን ነካት?» እያላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ሦስት ልጆች ወልጀ አሳድጌአለሁ፤ ሦስቱም እጅ እግራቸው ደህና ሆኖ ያደገው እኔ ስለፈራሁላቸው ይመስለኛል። እነሱ ግን «እማ፣ አንች እየፈራሽም አደግን» ይላሉ። ባጃጅ ስሳፈር ብረቱን በሁለት እጄ ጨብጨ ነው። ጣና ዳር ተወልጀ ውሃው ከጉልበቴ በላይ ነክቶኝ አያውቅም። ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ የቆምሁት የአምስተኛውን መምህር አርጩሜ በመስኮት አይቸ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢል ታገሡኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዘጌ ውስጥ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ጠጉራቸው የነጣ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ማኅሌት ላይ ግን ከዲያቆናቱ እኩል የሚያሸበሽቡ ሰው። እኔ አባየ ነው የምላቸው፤ የእኔ ትዳርና ኑሮ ግን ከውሃው ማዶ ባሕር ዳር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳንባ ምች ያዛቸውና በጀልባ አሻግረን ባሕር ዳር ሆስፒታል አስተኛናቸው። አስታማሚያቸው እኔ ሆንሁ፤ ወንድሞቼ «አንች እቤት ሆነሽ ከምትፈሪ እዚያው አጠገባቸው ሆነሽ ፍሪ» ብለው መርጠውኝ ነው።

መድኃኒቱ ሠራላቸው። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሳሉም ተዋቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ሲያበቃ «ሳንባቸው ድኗል፤ አሁን የምፈራው እግራቸውን ነው» አለኝ። የተማረ ሰው እንደኔ ሲፈራ ሰምቸ ስለማላውቅ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደነገጥሁ።

«እግራቸው ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ግን ሁለት ሳምንት ተኝተዋል፤ ጉልበታቸው ዝሏል። በዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ እንደ ድሮው መቆም ይቸግራቸዋል።»

ይኸን አባየም ሰምተዋል። ሐኪሙ ሲወጣ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩና «ተቀምጦ የሚያሸበሽብ መሪጌታ አይተሻል?» አሉኝ። በቀልድ ነበር የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን አልቀለደም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሥራ ብቻ ነበረኝ፤ አባየ እንዳይወድቁ መጠበቅ።

ሥራየን በጀመርሁ በማግስቱ የጣልኋቸው እኔው ራሴ ነኝ።

መቸም ብርድ በእግር ነው የሚገባው፤ ይኸን ማንም ያውቃል። እኔም በእጄ የሠራሁትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ያውም ሁለቱን ደራርቤ፣ አጠለቅሁላቸው። ያልተማከርሁት ወለሉን ነው። የክፍሉ ወለል ሊሾ ነው፤ ጧት ጧት ወልውለው ወልውለው ፊታችሁን ታዩበታላችሁ። አባየ ከአልጋ ወርደው አንዱን እርምጃ ተራመዱ፣ ሁለተኛውን ተራመዱ፤ ሦስተኛውን ግን ወለሉ ተራመደላቸው። እንደ ጀልባ ተንሸራትተው ሄዱና የጎረቤት አልጋ ብረት ይዘው፣ ከተኛው ሰው እግር ላይ ዘፍ አሉ።

የተኛው ሰው ሐጂ ነበሩ። ከወረታ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ስኳራቸው አስቸግሯቸው ነው የተኙት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ሐጂ እግራቸውን ቀስ ብለው ከሥር ሳቡና «መሪጌታ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሰው ቤት ሲገባ ግን ይንኳኳል» አሉ።

አባየም ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «በሩን ከፍተው ተኝተው አገኘሁዎ» አሏቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎናቸው ትንሽ ከመቅላቱ በቀር ምንም አልሆኑም። የጮኽሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ሮጣ መጣች። ሲስተር ነው የምንላት፤ የልጆቼ እኩያ ናት፣ ቀጭን፣ ቁጣዋ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። የአባየን እግር አነሳች፣ ካልሲውን አየች፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ካልሲ አገኘች።

«ማን ነው ይኸን ያደረገላቸው?»

«ብርዱ» አልሁ።

ሲስተር ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እናቴ፣ ይስሙኝ። ካልሲ ብቻውን አይሆንም። ባዶ እግርም አይሆንም። ሸበጥም አይሆንም። ተረከዙ የተደፈነ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ፣ ደግሞ ልካቸው የሆነ ጫማ ያምጡ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ጫማ፣ መስኮት ጋ ሲሄዱ ጫማ። ቆሙ ማለት ጫማ ነው! ይበሉ እስኪ ይድገሙልኝ።»

ደገምሁላት። አራተኛ ክፍል ሳለሁ እንደዚያ አጥርቸ ብደግም ኖሮ አምስተኛም እገባ ነበር።

አሁን የእግር ልክ ተፈለገ። አባየ ቁጥራቸውን አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው የሰጣቸውን ጫማ ሲያደርጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሲያወልቁ የኖሩ ናቸው። ቀን እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጠብቄ በክር ልለካቸው አሰብሁ። ክር ከየት ይምጣ? ዞር ብየ ከውስጥ ልብሴ ወገብ ላይ ላስቲኩን መዘዝሁና ከተረከዛቸው እስከ አውራ ጣታቸው ለክቸ ቋጠርሁት። እንዴት ያለ ብልህ ሴት ነኝ እያልሁ፣ በአንድ እጄ ልብሴን ይዠ፣ በአንድ እጄ ላስቲኩን ይዠ ገበያ ወረድሁ።

ጫማ ሻጩ ላስቲኩን ተቀበለኝና በጫማ ላይ ወጠረው። «አርባ ሦስት ነው» አለኝ። እኔ ፈሪ አይደለሁ? «ኧረ ደግመህ ለካልኝ» አልሁት። ደግሞ ወጠረው። «አርባ አምስት!» ሦስተኛ ብለምነው ኖሮ የአባየ እግር ሐሙሲት ከተማ ይደርስ ነበር። እኔ ግን ይስፋ እንጂ አይጥበብ፣ እግራቸውም ሊያብጥ ይችላል ብየ አርባ አምስቱን ይዠ ተመለስሁ።

አባየ አደረጉት። እግራቸው ሲሄድ ጫማው ይቆያል፤ እግራቸው ሲቆም ጫማው ይደርሳል። ሐጂ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «መሪጌታ፣ ልጅዎ ታንኳ ገዛችልዎ እንዴ?» አሉ።

«ሁለት ናቸውኮ፣ ሐጂ! በአንደኛው እኔ ዘጌ እገባለሁ፤ በሁለተኛው እርስዎን ሀገርዎ ላደርስዎ ነው።»

ሲስተር ገብታ በተረከዛቸውና በጫማው መሀል ጣቷን ብትከት ሦስት ጣት ገባላት። «ይኸማ ከካልሲውም ይብሳል! በምን ነው የለኳቸው?» አለችኝ። ላስቲኩን አሳየኋት። ተቀበለችኝ፣ ሳብ አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ እኔን አየችኝ፣ ልብሴን የያዘውን እጄን አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። ያን ቀን ቁጣዋ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ወረቀት አምጥታ መሬት ላይ አነጠፈች፣ አባየን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ እግራቸውን ረገጥ አስደርጋ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመረችው። ያን ወረቀት ይዠ ብሄድ አርባ ሆኖ ተገኘ። ጥቁር፣ ላዩ ጨርቅ፣ ሶሉ ወለሉን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ማሰሪያው ደግሞ ተለጣፊ፤ ስትከፍቱት «ጠርር» የሚል። አባየ አድርገውት እስከ በሩ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ሐጂ «ማሻ አላህ» አሉ። እኔ አለቀስሁ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀውም ሲገላገልም ልቅሶው አንድ ነው።

እንግዲህ ጨረስሁ ብየ ያን ዕለት ያለ ሐሳብ ተኛሁ።

ጧት ዓይኔን ስገልጥ አባየ ቆመዋል። መቋሚያቸውን ይዘው ይጸልያሉ። አዲሱ ጫማ አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። እግራቸው ባዶ ነው፤ ወለሉ ደግሞ አሁን ከመወልወያ የወጣ፣ ገና የሚያብረቀርቅ። «አባየ!» ብየ ዘልየ ያዝኋቸው።

ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅላለች። ከእኛ በፊት የተኛ ሰው ድኖ ሲወጣ ዘመዶቹ ትተዋት የሄዱት ናት። አባየ ወደ እሷ እያዩ «በእመቤታችን ፊት ጫማ አድርጌ ልቁም?» አሉኝ።

እኔስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እንዲህ ብለው አይደለም? ሲስተር ግን መጣችና «አባቴ፣ እሷ ታዝንልዎታለች። ወለሉ ነው የማያዝንልዎ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ስድሳ ዓመት እንዲህ ነው የቆምሁ።»

ሐጂ ከወዲያ ጣልቃ ገቡ። «መሪጌታ፣ እኔም ለሶላት ጫማየን አወልቃለሁ። ግን ያዩኝ የለም? እዚሁ አልጋየ ላይ ተቀምጨ ነው። ለታመመ ተፈቅዷል።»

«ለእኛም ለታመመ ተፈቅዷል» አሉ አባየ።

«ታዲያ?»

«እኔ ስፈቅድ የኖርሁት ለሌላ ሰው ነዋ!»

ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። ሲስተር ትመክራለች፣ አባየ «እሽ ልጄ» ይላሉ፣ ጧት ሲነጋ ጫማው ከአልጋው ሥር፣ እሳቸው ከእርጥቡ ወለል ላይ ናቸው። አንድ ቀን ጉልበታቸው ከዳቸውና አልጋውን ባይይዙ ኖሮ ወድቀው ነበር። በዚያ ቀን ያ «ተቀምጦ የሚያሸበሽብ» ያሉት ነገር በጆሮየ እየጮኸ ቁጭ ብየ አሰብሁ። እንግዲህ የእኔን ማሰብ እስካሁን አይታችሁታል።

ያሰብሁት ይኸን ነው። ጫማው የሚወልቀው ሥዕሏ ስላለች ነው። ሥዕሏ ከክፍሉ ብትወጣ ጫማው አይወልቅም። ጫማው ካልወለቀ አባየ አይወድቁም። አራተኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ ሒሳብ አላስተማረኝም።

ከሰዓት በኋላ አባየ ሲያንቀላፉ ወንበር ላይ ወጣሁ። ተሳለምኋት፣ ይቅር በይኝ አልኋት፣ አውርጀ ነጠላየ ውስጥ ከተትኋት። ዞር ስል ሐጂ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ያዩኛል።

«ሐጂ፣ በፈጣሪ ይሁንብዎ፣ እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ ተኝቻለሁ» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው መሀል አንድ ምስማር አይቸ ነበር። እዚያ ሰቀልኋት። ደግሞስ ምን ነውር አለው? እዚያ ጥግ አንድ በሽተኛ ብቻ ከሚያያት ኮሪደር ላይ ሕዝብ ቢያያት አይሻልም? እያልሁ ራሴን ሳጽናና አመሸሁ።

በማግስቱ አባየ ነቅተው ግድግዳውን አዩ። «የት ሄደች?»

መሪጌታ አባት ፊት መዋሸት ደግሞ ከሁሉም በላይ እፈራለሁ። «ኮሪደር ላይ ሰቀልኋት፣ አባየ። ሰው ሁሉ እንዲያያት ብየ።»

«መልካም አደረግሽ» አሉኝ። በዚህ ላይ መርቀውኝ! እኔም ደስ ብሎኝ ቁርሳቸውን የሚበሉበትን ሳህን ላጥብ ወጣሁ።

ስመለስ ኮሪደሩ ጠፋኝ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጣሁ መሰለኝ። ግድግዳውን ተከትሎ ጫማ ተሰልፏል፤ የወንድ፣ የሴት፣ የላስቲክ፣ የቆዳ፣ ሸበጡ፣ ምርኩዙ ሳይቀር ተደግፎ። ከወንዶችም ከሴቶችም ክፍል አቅም ያለው በሽተኛ ሁሉ ወጥቶ በባዶ እግሩ እርጥቡ ሊሾ ላይ ቆሟል። አንዲት አሮጊት የግሉኮስ ማንጠልጠያቸውን እንደ መቋሚያ ይዘውታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ግማሽ ድረስ ወልውላ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ቦቲዋን አውልቃ አጎንብሳለች። ከሁሉ ፊት ደግሞ አባየ! በፊት ከአልጋቸው ሁለት እርምጃ ነበር የሚርቁት፤ አሁን ሃያ እርምጃ ርቀው፣ ጫማቸውን በሰልፉ መጀመሪያ አኑረው፣ ጸሎቱን እየመሩ።

ሲስተር ከቢሮዋ ወጣች። በጸሎት ላይ መጮኽ አይቻልም። ከንፈሯን ነክሳ ባዶ እግሮቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ዞረቻቸው፤ ከዚያ እኔ ላይ አቆመች። በዚህ ጊዜ በብርዱ ማመካኘት እንኳ አልቻልሁም።

አባየ አሳረጉ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደየጫማው ዞረ። እኔ የታየኝ የአባየ እግር ብቻ ነው። እሳቸው አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ጫማቸውን ላደርስላቸው ብየ ሳህኑን ጣልሁና ሮጥሁ። በሸበጥ። በእርጥብ ወለል ላይ።

እግሬ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እኔ ወደ ግራ ሄድሁ። መሬት ላይ ስደርስ ድምፄን እኔም አላወቅሁትም። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለች ሲስተር፤ እሷ በአንድ እጇ አሮጊቷን፣ በአንድ እጇ ማንጠልጠያውን ይዛ ልትደርስልኝ አልቻለችም። ሁሉም ግድግዳውን ይዞ ደረቀ።

ቁርጭምጭሚቴ ይነድዳል። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። አባት ነው፤ ልጁ ወድቃለች። ከአባየ እስከ እኔ ያለው ወለል ውሃ ነው። «አባየ፣ አይምጡ! ደህና ነኝ!» ብየ ጮኽሁ። አዩኝ። አንድ እግራቸው ከመሬት ተነሳ። እንግዲህ አለቀ ብየ ዓይኔን ጨፈንሁ።

የጠበቅሁት ድምፅ አልመጣም። ስገልጥ እግራቸውን ወደ ቦታው መልሰውታል። ግድግዳውን ዳብሰው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ያን ጫማየን» አሏት የጽዳቷን ሠራተኛ። አቀበለቻቸው። ቀኙን አደረጉ። ጠርር። ግራውን አደረጉ። ጠርር። ደግመው አጠበቁት። እኔ መሬት ላይ ተዘርግቸ ይኸን ሁሉ አያለሁ፤ በሕይወቴ ሰው ሲዘገይብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ተነሱ። መቋሚያቸውን አስቀድመው፣ እግራቸውን አስከትለው፣ ቀስ እያሉ መጥተው ከራሴ በላይ ቆሙ። በመቋሚያቸው ጫፍ ሸበጤን ነካ አደረጉት።

«ተረከዙ የታለ?»

«የለውም፣ አባየ።»

«ሶሉስ ጎማ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«ቆሙ ማለት ጫማ ነው አልተባለም? ስንት ጊዜ ይነገርሽ!»

ሲስተር አሮጊቷን እንደያዘች መሳቅ ጀመረች፤ ኮሪደሩ በሙሉ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ።

የእኔ ቁርጭምጭሚት ወለም ብሎ ነው፤ በፋሻ ጠቀለሉልኝ። ሥዕሏም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ማታ አባየ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንደዚያ ወድቀሽ ሳይሽ ልሮጥ ነበር» አሉኝ። «ኋላ ግን እኔም ከወደቅሁ ይህችን ማን ያነሳታል ብየ ተቀመጥሁ።» ከዚያን ዕለት ወዲህ ሲጸልዩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሲያበቁ አድርገው ይቆማሉ። መጀመሪያ የተቀመጡ ዕለት ሐጂ ከወዲያ «መሪጌታ፣ እንኳን ደህና ተቀመጡ» አሏቸው፤ አባየ ግን ጸሎት ላይ ስለነበሩ መልሱን በማግስቱ ነው የከፈሏቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ወጣን። በሆስፒታሉ በር ስንወጣ አባየ ቀጥ ብለው፣ እኔ እያነከስሁ ክንዳቸውን ይዠ ነበር። ያየን ሁሉ ለእኔ «እግዜር ይማርሽ፣ እናቴ» ይለኛል። ዝም ስል አባየ በክርናቸው ጎሸም አድርገው «አሜን በይ እንጂ!» ይሉኛል። ጀልባው ላይ ስንሳፈርም ቀዛፊው እጁን የዘረጋው ለእኔ ነው።

ዘጌ ስንደርስ ወደ ቤት አልሄዱም። ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ። ደጀ ሰላሙ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና ለእኔ አስይዘውኝ ገቡ። ተከትየ አልገባ፣ እግሬ አይችል፤ ጫማውን ታቅፌ ከውጭ ቀረሁ። ደረቅ አፈር ነው፣ ሊሾ የለም፣ ባልዲ የለም እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። ራሴ አልሰማኝም። ከዚያ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ፤ እንደ ድሮው ወፍራም፣ ሳል የሌለበት። ከድምፃቸው ጋር የመቋሚያው ቧ ቧ ማለት ተሰማኝ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ቆመዋል። እንደ ሸምበቆ ቀስ ብለው ወዲህ ይላሉ፣ ወዲያ ይላሉ።

ብዙ ቆይተው ወጡ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉልኝ።

«ጠበቅ አርጊው» አሉኝ። «ወደቡ ዳር እርጥብ ነው፤ አንችን እስከ ጀልባው ልሸኝ ነው።»